ጋሽ ይመርን ያልጠየቅኩት ሦስተኛ ጥያቄ

ከሥራ የተሰናበትኩ ዕለት የጋራዡ ባለቤት ሚስተር ክሌይ ፍሬም ውስጥ የገባ ወረቀት ሰጠኝ። ኬክ ተቆረሰ፤ ወጣቶቹ ሠራተኞች የወረቀት ሳህን ይዘው እንደቆሙ አጨበጨቡ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ርእሱ «አውቶማቲክ መኪና ለጀማሪ፦ ከመነሻው መስመር እንዴት እንነሣለን?» ይላል። በፊቱ እንግሊዝኛ፣ በጀርባው አማርኛ ነው። አማርኛው ወደ ፍሬሙ ጀርባ ዞሮ ታሽጓል።

ሌላው ሰው ስሜን አነበበ። እኔ የጎደለውን አነበብኩ። ሚስተር ክሌይ ከመሳቢያው አውጥቶ ፍሬም ያስገባው የመጀመሪያውን እትም ነበር፤ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር የሚጎድለውን። በዚያ መስመር ጉድለት አንድ ሰው ግማሽ እግራቸውን አጥተዋል። ጋሽ ይመር ይባላሉ። ሚስተር ክሌይ ይህን ረስቶታል ብዬ አላምንም፤ እንደማልናገር ግን ያውቃል። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀበልኩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ሥራዬ በዚህ አለቀ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ከመሀል የሚጀምር ጽሑፍ አልወድም።

ደሴ ላይ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቀን ልብስ እየሰፋሁ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳ ሦስት ሞልቶኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለበት፤ የተጻፈን ሁሉ ያከብራል። ነገሩ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ከሰፈረለት እውነት የሆነ ይመስለዋል። ይህ አመል ብዙ ጠቅሞኛል። የጎዳኝን ያህል ግን አልጠቀመኝም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ስገባ አርባ አምስት ዓመት አልፎኛል። ሚድታውን ውስጥ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበል ጀመር። ሥራው ለንባብ ይመቻል። ዓይኔ መጽሐፌ ላይ ቢሆንም ጆሮዬ መኪኖቹ ላይ ነበር። መውጫው ዳገት ስለሆነ ሁሉም እዚያ ሲደርስ ያለበትን ሕመም ይናገራል። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው የማይከተለውን፣ ማርሽ ሲቀይር የሚደናቀፈውን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳላይ መለየት ቻልኩ።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ ቲኬታቸውን ሲሰጡኝ፣ «ከፊትዎ የወጣችው መኪና ታማለች» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ምናልባት የቀኑን ሙሉ ዝምታዬን መስበር ፈልጌ ይሆናል።

«ምኗን ነው የታመመችው?»

«ሞተሯ ይሮጣል፣ ጎማዋ አይሰማውም።»

ሰውየው የራሳቸውን ሞተር አጠፉ። ከኋላቸው የተሰለፈው ክላክስ ያስጮኻል፤ ግድ አልሰጣቸውም። «ማን አስተማረሽ?»

«ዳገቱ።»

እኒህ ሰው ሚስተር ሆሊስ ነበሩ። ከአትላንታ ዳር ስማይርና ውስጥ ባለ ጋራዥ፣ እኛ ካምቢዮ የምንለውን፣ እዚህ ትራንስሚሽን የሚሉትን፣ ፈትተው እንደ አዲስ የሚገጥሙ ባለሙያ ናቸው። በሳምንቱ አንድ ወፍራም የጥገና መጽሐፍ አምጥተው በመስኮቴ አቀበሉኝና «ስትጨርሺ ነይ» አሉኝ። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ በአራት ወር ጨረስኩት። ስሄድ ሁለት ሥዕሎች ተሳስተው መታተማቸውን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። አነበቡትና ለሚስተር ክሌይ አሳዩት። «ይህችን ሴት ካልቀጠርክ እኔንም አታገኘኝም» አሉት። ደመወዙ ከፓርኪንጉ ትንሽ ይሻል ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይኸው ይበቃል። ኋላ በቴክኒክ ኮሌጅ ወረቀቱንም ያዝኩ። ሙያውን ግን የያዝኩት ከሚስተር ሆሊስ ጠረጴዛ ነው።

ሚስተር ሆሊስ እጃቸውን የሚታጠቡት ሥራ ሲጨርሱ ሳይሆን ሲጀምሩ ነበር። «ካምቢዮን የሚገድለው ቆሻሻ እኛ ይዘንለት የምንገባው ነው» ይላሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ነጭ አንሶላ ያነጥፋሉ። የፈቱትን ዕቃ በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድሩታል። ዘይቱ አንሶላው ላይ ስለሚታተም፣ አንዷ ቀለበት ብትጠፋ እንኳ ቦታዋ ይናገራል። ስስ የፍሪሲዮን ሳህኖችን ሲመረምሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጥፍራቸው ይዳስሷቸዋል። «ዓይን የፈለገውን ያያል፤ ጥፍር ግን ያገኘውን ነው የሚናገረው።» እኔም ዛሬ ድረስ ቤቴ የምግብ ሳህን እንኳ አጥቤ በጥፍሬ ሳልዳስስ አላስቀምጥም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ይህ ነበር፦ አንድ ነገር አስረድተው «ገባሽ?» አይሉም። «አሁን አንቺ ንገሪኝ» ይላሉ። ማንንም አይለዩም። አንድ ጊዜ የሚስተር ክሌይ አባት፣ ጋራዡን የመሠረቱት ሽማግሌ፣ ሊጎበኙ መጡ። አዲሱን የመኪና ማንሻ ልሞክረው አሉ። ሚስተር ሆሊስ አሳዩዋቸውና «አሁን እርስዎ ይንገሩኝ» አሏቸው። የሽማግሌው ፊት በርበሬ መሰለ። ሚስተር ሆሊስ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ፤ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር። ሽማግሌው በመጨረሻ እያጉረመረሙ ተናገሩ።

«ምነው አሳፈሯቸው?» አልኳቸው በኋላ።

«ሚስ ዛህራ» አሉኝ፣ «ያሳፈርኩት ሰው መኪና ሥር ሲሞት አይቼ አላውቅም።»

ይህን ቃል ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። መጻፍ ጎበዝ ነኝ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሚስተር ክሌይ አንድ ሐሳብ መጣለት። ከሎረንስቪል ወዲያ፣ ከስማይርና ከአንድ ሰዓት በላይ በሚያስነዳ ገጠር ውስጥ፣ ድራግ ስትሪፕ አለ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ መብራት ሲበራ፣ ቀጥ ያለ አጭር መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለጀማሪዎች ይከፈታል። እዚያ የጋራዡን ድንኳን ተከለና «ዛህራ፣ አንቺ ትዕግሥት አለሽ፤ አስተምሪያቸው» አለኝ። ነገሩ አልጠፋኝም፤ የሚማር ይሰብራል፣ የሰበረ ወደ እኛ ይመጣል። ያም ሆኖ ደስ አለኝ። በሕይወቴ አስተማሪ ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ያችን ፍሬም የገባች ገጽ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጀማሪ ሁሉ ነዳጁን እስከ ወለሉ የረገጠ የሚያሸንፍ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። አውቶማቲክ መኪና ላይ ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙት በዘይት ነው፤ ሞተሩ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ካምቢዮውን። በግራ እግርህ ፍሬኑን እንደያዝክ በቀኝህ ነዳጁን ጥቂት ብትሰጠው ዘይቱ ይወጠራል፤ መኪናዋ ለመዝለል እንዳሰበች ድመት ከኋላዋ ዝቅ ትላለች። ያን ጊዜ ዝግጁ ናት። ከዚያ በላይ ከሰጠሃት ፍሬኑ አይችላትም፤ ሳትፈልግ መስመሩን ታልፋለች።

መነሻው ላይ የመብራት ምሰሶ አለ። ላይኛዎቹ ሁለት ትንንሽ መብራቶች የፊት ጎማህ የት እንደደረሰ ይነግሩሃል። አንደኛው ሲበራ ቁም፣ ተንፍስ። ከዚያ ሁለተኛው እስኪበራ በጣት ስፋት ተሳብ። ቀጥሎ ሦስት ቢጫዎች በተራ ይበራሉ፤ ከሥራቸው አረንጓዴው። አረንጓዴውን የጠበቀ ዘግይቷል። ሦስተኛው ቢጫ ሲበራ ፍሬኑን ልቀቅ፤ ዓይንህ ለእግርህ እስኪነግረው፣ እግርህም ለመኪናዋ፣ አረንጓዴው ይደርሳል። ነዳጁን ደግሞ አትደብድበው። እንደ ስፌት መኪና ፔዳል ተጫነው፤ ክሩ እንዳይበጠስ።

ረቂቁ አሥራ አምስት መስመር ነበረው። አሥራ አምስተኛው እንዲህ ይል ነበር፦ «የመጨረሻውን መስመር ካለፉ በኋላ ማርሹን አይንኩ። መኪናው ፍጥነት ላይ ሳለ ዜሮ አያስገቡ።» በእነዚያ የድሮ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮዎች ውስጥ ታምቡር የምንለው ከበሮ የመሰለ ከባድ ብረት አለ። መኪናዋ እየበረረች ዜሮ ከገባባት፣ ታምቡሩ የሚይዘው ያጣና ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል። አንዳንዴ ይፈነዳል፤ ስብርባሪው በወለሉ በኩል ወደ ነጂው ይወጣል።

መስመሩን የሰረዘው ሚስተር ክሌይ ቢሆን ኖሮ ይህን ስጽፍ ይቀለኝ ነበር። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ርእሱ ስለ መነሣት ነው፣ መስመሩ ስለ ማቆም፤ የማይዛመድ ነገር አንድ ገጽ ላይ ማየት አልወደድኩም። ስለ ማቆም ራሱን የቻለ ገጽ እጽፋለሁ አልኩ። አልጻፍኩም። እስከዚያው በቃል ልጠይቅ ብዬ፣ እያንዳንዱ ጀማሪ ወደ መነሻው ከመግባቱ በፊት በመስኮቱ ጎንበስ እልና ሦስት ጥያቄ እጠይቀው ጀመር። በየትኛው መብራት ትነሣለህ? ግራ እግርህ የት ነው? ስትጨርስ እጅህ የት ነው? ለሦስተኛው «መሪው ላይ» ካላለኝ አላሳልፈውም።

ቀስ በቀስ የእኛ ሰዎችም መምጣት ጀመሩ። አብዛኞቹ የታክሲ ነጂዎች ነበሩ፤ ገሚሱ የወሎ፣ ገሚሱ የአዲስ አበባ ልጅ። የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል። ለእነሱ ብዬ ገጿን በአማርኛ ጀርባዋ ላይ ጻፍኩት። ከሁሉ አፈኛው ሰይድ የሚባል የደሴ ልጅ ነበር።

«እትዬ ዛህራ፣ ፈተና ነው እንዴ? እኔ እኮ ላይሰንስ አለኝ!»

«ሦስተኛውን መልስ።»

«እጄ መሪው ላይ፣ ዓይኔ ምሳው ላይ።»

«ምሳውን ተወውና ሂድ።»

ጋሽ ይመርን ያመጣቸው ይኸው ሰይድ ነው። ጋሽ ይመር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአሰብ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። እኔ ደሴ ልብስ ስሰፋ የምቆርጠው ጣቃ የሚመጣው በእሳቸው መኪና ነበር፤ ከመኪናቸው ሲወርዱ ነጋዴው ሁሉ ብድግ ይላል። አትላንታም መጥተው ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ቤታቸው ሎረንስቪል ነው። አንድ ያረጀች ባለ ሁለት በር የአሜሪካ መኪና ገዙ፤ ሞተሯ የተሻሻለ፣ ጉልበቷ የሚያስፈራ። ካምቢዮዋን እኔ በነጩ አንሶላ ላይ ፈትቼ ገጠምኩላቸው። አንድም ስህተት አልነበረበትም፤ ይህን አሁንም በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም በእርግጠኝነት አውቅ ነበር። የዚያ መስመር ሾፌር ጣርማ በርን ሲወርድ ማርሹን ዜሮ አስገብቶ መኪናውን ይለቀዋል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሞተሩን ያሳርፋል። ክልክል ነው፣ ስንቱን ገደል ከቷል፤ ግን በዚያ ቁልቁለት ያረጀ እጅ ሳይታዘዝ ነው ወደ ዜሮ የሚሄደው። ጋቢና ተቀምጬ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጋሽ ይመርንም ሌላውን ሰው የጠየቅኩትን ሦስተኛ ጥያቄ ከመጠየቅ የሚያስቀረኝ ምክንያት አልነበረም። ይልቅ ከሁሉ በፊት ልጠይቅ የሚገባኝ እሳቸውን ነበር።

ጋሽ ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወዳደሩ በመጡበት ቅዳሜ ልጆቹ ሁሉ መኪናቸውን ከበው ቆመዋል።

«ጋሽ ይመር፣ ይሄ እኮ ተሳቢ አይደለም፤ ኋላውን ማየት የለም!» አለ ሰይድ።

«አንተ ጡት ስትጠባ እኔ አሰብ ስንቴ ደርሼ ተመልሻለሁ። ምሳህን አዘጋጅ!»

ተሳቀ። ሚስተር ሆሊስ ከድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ያያሉ። እኔ በመስኮቱ ጎንበስ አልኩ።

«በየትኛው መብራት ይነሣሉ፣ ጋሽ ይመር?»

«በሦስተኛው ቢጫ።»

«ግራ እግርዎስ?»

«ፍሬኑ ላይ።»

«እንዴ እትዬ ዛህራ!» አለ ሰይድ፤ «እሳቸውንም ትፈትኛለሽ? ነውር አይደለም?»

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ይመር ወደ እኔ አልዞሩም፤ ፊት ለፊት እያዩ ጥርሳቸውን ነከሱ። የቤቱ ልጅ ፊት ለፊት እንደሰደበው ሽማግሌ አንገታቸው ተወጠረ። ሦስተኛው ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር። ቀና አልኩና «ይቅናዎት» አልኳቸው።

እንደ እሳቸው አነሳስ ከጀማሪ አይቼ አላውቅም። ጎማቸውን አሞቁ፤ ወደ መስመሩ በጣት ስፋት ተሳቡ፤ መኪናዋ ከኋላዋ ዝቅ አለች። ሦስተኛው ቢጫ ሲበራ ያለ አንድ ጩኸት፣ ያለ አንድ መንሸራተት ወጡ። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ኮራሁ። ሩቅ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ገና ፈገግታዬ አልጠፋም ነበር።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ሞተር እንዲህ አይጮኽም፤ በርሜል ውስጥ የፈነዳ ነገር ይመስላል። መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። ስንደርስ ጋሽ ይመር መሪውን እንደያዙ ነበሩ፤ የግራ እግራቸው ፍሬኑ ላይ ነው። «ፍሬኑ ይዟል» አሉኝ፤ እንደ ሾፌር ሪፖርት አደረጉልኝ። ቀኝ እግራቸውን አላየሁትም፤ ማየት አልፈለግኩም። ያየሁት ማርሹን ነው። ዜሮ ላይ ነበር።

የቀኝ እግራቸው ግማሽ ተቆረጠ። ታክሲው ቀረ።

ሰኞ ዕለት ከጋራዡ ኢንሹራንስ አንድ ፎርም መጣ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ነጂው በፍጥነት ላይ ዜሮ እንዳያስገባ ተነግሮት ነበር?» ይላል። አጠገቡ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አዎ፣ አልተነገረውም።

«ሁሉንም ትጠይቂ የለ እንዴ?» አለ ሚስተር ክሌይ።

«ሦስተኛውን አልጠየቅኳቸውም።»

«ማን ሰማሽ?»

ፎርሙን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«ዛህራ፣ ይህ ጋራዥ ቢዘጋ ሆሊስ በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል?» አለ።

አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ምልክቷ ከሳጥኑ እንዳትወጣ እንኳ ተጠንቅቄያለሁ። ከአንድ ወር በኋላ ጉዳዩ ተዘጋ፤ ነጂው ተነግሮት ስላልሰማ የሚገባው ነገር የለም ተባለ። የድራግ ስትሪፑ ቅዳሜም ቀጠለ፤ በሁለተኛው እትም አሥራ አምስተኛውን መስመር አስገባሁ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ሚስተር ሆሊስ ያን ቅዳሜ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንደጠየቅኩ በዓይናቸው አይተዋል። አማርኛ አያውቁም፤ መቁጠር ግን ያውቃሉ። «ፎርሙን ሞላሽው?» አሉኝ። «ሞላሁት» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «አሁን አንቺ ንገሪኝ» ብለውኝ አያውቁም። ሥራውን ያሳዩኛል፣ ይዞራሉ። ሰው ሲሰደብ ያማል ይባላል፤ እኔን ያመመኝ እሳቸው መጠየቅ መተዋቸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። አንሶላቸውን እጥፍ አድርገው ለሌላ ሠራተኛ ትተውለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ ብዙ የሚጻፍ የለውም። አዳዲሶቹ ካምቢዮዎች ታሽገው ይመጣሉ፤ ሲበላሹ ማንም አይከፍታቸውም። ኮምፒውተር ይሰካል፣ ቁጥር ያወጣል፣ አሮጌው ተነሥቶ አዲሱ ይገባል። ወጣቶቹ «ሚስ ዛህራ፣ ጀስት ስዋፕ አድርጊው» ይሉኛል። ጥፍሬ ሥራ ፈታ። የእጄ አንጓዎችም አበጡ። ኬኩ ተቆረሰ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለዒድ ጋሽ ይመርን መጠየቅ አልተውኩም። ከልጃቸው ጋር ሎረንስቪል ነው የሚኖሩት። ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ደሴ ሰው እናወራለን። ስለ እግራቸው አንድም ቀን አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ከስንብቱ በሳምንቱ ግን ዒድ ሳይሆን ሄድኩ። ፍሬሙን ሰብሬ ወረቀቱን አወጣሁትና በአማርኛው በኩል አስቀመጥኩላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት። «ይህን ያኔ ሰጥተሽኝ ነበር» አሉ። «ጥሩ ነው። አማርኛሽ ጥሩ ነው።»

«አሥራ አምስተኛው መስመር የለበትም፣ ጋሽ ይመር። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ያን ቀን ደግሞ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳልጠይቅዎት ለቀቅኩዎት። በኋላ ነግሬያቸዋለሁ ብዬ ፈረምኩ። ዋሽቼ ነው።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጉት።

«እኔንም ጠይቀውኝ ነበር» አሉ።

«ማን?»

«የኢንሹራንሱ ሰውዬ ነዋ። ሆስፒታል ድረስ አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ነግራሃለች ወይ? አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ነግራኛለች አልኩት።»

ለእኔ ብለው ዋሹ፣ እንጀራዬ እንዳይቀር ብለው የራሳቸውን ተዉ ብዬ አሰብኩ። «ምነው ጋሽ ይመር፣ ለእኔ ብለው?» አልኳቸው፤ ዓይኔ እንባ ሞልቷል።

«ለአንቺ?» ከልባቸው ሳቁ። «አንቺን መቼ አሰብኩሽ! ሠላሳ ዓመት አሰብ የነዳ ሰው አላወቀም ከሚባል፣ እያወቀ ደፈረ ቢባል አይሻልም? እነ ሰይድ ምን ይሉኝ ነበር? መጫወቻ ልሁን?»

እንባዬ እዚያው ደረቀ። እኔ እንዳላሳፍራቸው አልጠየቅኩም፤ እሳቸው እንዳያፍሩ ዋሹ። ሁለቱ ውሸቶች እንደ አዲስ የፍሪሲዮን ሳህን ልክ ገጥመው ኖሯል። ያ የኢንሹራንስ ሰው እንዲህ የቀለለው ፋይል አጋጥሞት አያውቅም ይሆናል። እኔም ስንት ዓመት የተሸከምኩት በደል ግማሹ የእኔ እንዳልነበረ ሳውቅ ቀለለኝ ማለት እፈልጋለሁ፤ አልቀለለኝም። ተናደድኩ።

ልነሣ ስል ጋሽ ይመር ወረቀቱን በእጃቸው እያገላበጡ «ታዲያ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ምን ሆኖ ነው የፈነዳው?»

«አያውቁም?»

«ማንን ልጠይቅ? ነግራኛለች ብያለሁ እኮ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከቁም ሣጥኑ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ይስጡኝ አልኳቸው። እጄን ታጥቤ መጣሁ። ልብሱን አንጥፌ፣ ድስት መክደኛውን ታምቡር፣ የሻይ ማስቀመጫዎቹን ሳህን አድርጌ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደርኩ። ሞተሩ ዘይቱን እንዴት እንደሚገፋ፣ ማርሹ ታምቡሩን እንዴት እንደሚይዝ፣ መኪናዋ እየበረረች ዜሮ ሲገባ ማን ማንን እንደሚለቅ አሳየኋቸው። መክደኛውን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከርኩት፤ እየጮኸ ዞረና ወደቀ። ሁለት ጊዜ አሳየኋቸው።

«ገባኝ» አሉ።

«አሁን እርስዎ ይንገሩኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። አንገታቸው ያን ቅዳሜ እንደተወጠረው ተወጠረ። እጄን አጣምሬ ጠበቅኩ።

«የመጨረሻውን መስመር አልፋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«እጅዎ የት ነው?»

«መሪው ላይ።»

«ማርሹስ?»

«አልነካውም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀኝ እግሬን ቀስ አድርጌ ከነዳጁ ላይ…»

አቆሙ። ወደ ታች፣ እግራቸው ወደ ነበረበት አዩ። እኔም ዓይኔን ከእሳቸው ሳላነሣ፣ እንዲጨርሱት ጠበቅኩ።